የሽምብራ መርከብ

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ዝናብ። ሲታክ ኤርፖርት አካባቢ ዛሬም ዘነበ ብሎ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው።

ዛሬ ግን አንድ ነገር ሆነ። የፓርኪንጋችን ባለቤት አክሊሉ ከሻትሉ አስወርዶ ቢሮ አስገባኝ። ጎረቤታችን አከራይቶን የነበረውን የኋላውን ግቢ መልሶ ወስዷል። ሦስት መቶ መኪና እናቆምበት የነበረው አሁን ቢጨናነቅ ሁለት መቶ አሥር ነው የሚይዘው። አገሬው ሁሉ የሚበርበት በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ ደግሞ እየመጣ ነው።

"ሶ፣ ግቢውን አንቺ ያዢው። ሱፐርቫይዘር ነሽ" አለኝ።

ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ቀጠለ። "ትራያል ነው፣ ኦኬ? እስከ ታንክስጊቪንግ እሑድ። ያን ቀን አንድ ሰው መኪናውን ከሃያ ደቂቃ በላይ ከጠበቀ፣ ሶሪ አዱ፣ ወደ ሻትልሽ ትመለሻለሽ።"

ሰባት ዓመት ሻትል ነድቻለሁ። መንገደኛ ቁልፉን ሰጥቶን ይበራል፣ ሲመለስ ከኤርፖርት አምጥተን መኪናውን በር ላይ እናቀርብለታለን። ሰባት ዓመት ሙሉ "ይኼ መኪና እዚህ ባይቆም ኖሮ…" እያልኩ ሳማርር… ይኸው፣ አፌ ጎተተልኝ። አሁን አቁሚያ!

ቤት ስገባ ቢጫ የሥራ ሰደርያዬን እንደ ወትሮው በር ላይ አወለቅሁ። አባባ ለብሼው እንዳያዩኝ ነው። አባባ ገብረሕይወት የባለቤቴ የመሳፍንት አባት ናቸው። ከመጡ ስምንት ወራቸው። መሳፍንት ትራክ ይዞ ከስቴት ስቴት ስለሚዞር ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ነን። እሳቸው ሶፋው ላይ፣ እኔ ማድቤት። ዱሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል ባለሙያ ነበሩ አሉ… ጨዋታ የላቸውም። ያቺን ሰደርያ ግን ባወጣኋት ባገባኋት ቁጥር ዓይናቸው ይከተላታል።

ዛሬ አዳማ ካለችው እኅታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። "ምራቴ? ኤርፖርት ነው የምትሠራው። አዎ… ቢሮ።"

ቢሮ! ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩት። አፍረውብኝ ነው?

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ለታንክስጊቪንግ ቡኪንጉ መቶ ዘጠና መኪና ደረሰ። በሕልሜ መኪና ስገፋ አደርኩ። ፍሬን አልያዘም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ካርቶን ቀድጄ ግቢውን ሣልኩበት። መኪኖቹን በምን ላድርጋቸው? ጓዳ ገባሁ። ሽምብራ ለትናንሹ፣ ባቄላ ለትልልቁ ኤስዩቪ፣ ምስር ለሞተር ሳይክል። የማድቤቱን ጠረጴዛ ሙሉ ዘርግቼ ስደረድር አባባ ውኃ ሊጠጡ መጡ። ቆሙ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ፓርኪንጋችን ነው፣ አባባ።"

ብርጭቆውን አስቀመጡ። ሄደው መነጽራቸውን አመጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። በስምንት ወር ውስጥ ወንበር ስበው አጠገቤ ሲቀመጡ ይኼ የመጀመሪያቸው ነው።

"ቀድሞ የሚወጣው የትኛው ነው?"

አሳየኋቸው።

"ታዲያ ምን ከኋላ ጎለተው?" አንዱን ባቄላ በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ወጣት ሳሉ ለሦስት ሳምንት በእንግድነት አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ተልከው ነበር። ትልቅ መድፍ ያሳዩኛል ብለው ሲጠብቁ አንድ ጠባብ ክፍል አስገቧቸው። ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ የመርከቡ ወለል ተሥሏል፤ በላዩ የአውሮፕላን ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ ቁራጮች ተደርድረዋል። ላዩ ላይ ዳዶ የተቀመጠበት ነዳጅ ጎድሎታል፣ መርፌ የተቀመጠበት ሌላ ነገር… አንድ መኮንን ቀኑን ሙሉ እነሱን ሲያንሸራትት ይውላል።

"ያ ሁሉ አውሮፕላን በአንድ ወለል ላይ! ያ መርከብ በጥይት አይደለም የሚያሸንፈው፤ ቶሎ አንሥቶ ቶሎ በመቀበል ነው። አንዱን ያለቦታው ካቆምሽው፣ አለቀልሽ።"

ይህን ሁሉ ቃል የት ደብቀውት ኖሯል?

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ከሥራ ስገባ አባባ ወለሉ ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ደነገጥኩ። "አንድ መኪና ጠፍቷል" አሉኝ። ሽምብራ ነው። ሶፋው ሥር ተገኘ። ሪፖርት ተደረገልኝ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ቅሌት።

የፊኒክስ በረራ ሁለት ሰዓት ዘግይቷል የሚል አየሁና ብልጥ ልሁን አልኩ። ከፊት ያሉትን የዚያን በረራ መኪኖች ወደ ኋላ፣ የኋለኞቹን ወደ ፊት። ሠላሳ መኪና! አብሮኝ የሚሠራው ኑሩ "አዱ፣ ሹር ነሽ?" አለኝ። ሹር ነኝ አልኩት። ግማሹን አንሥተን ግማሹ ሲቀረን ሻትሉ አሥራ ሁለት ሰው ይዞ ከች አለ! መተላለፊያው ጢም ብሏል። ቁልፎቹ ባንኮኒው ላይ ተዘርግፈዋል። የማን የት እንዳለ እግዜር ይወቀው። አንዲት ሴትዮ አርባ ደቂቃ ጠበቀች። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

አክሊሉ አልጮኸም። "ይኼ እሑድ ቢሆን አልቆልሽ ነበር" ብቻ አለ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ለአባባ ነገርኳቸው። ያጽናኑኛል ስል ሳቁ! እንባቸው እስኪወጣ።

"ሚድዌይን ደገምሽዋ!"

ምንድን ነው ሚድዌይ? ሽምብራውን አቅርበው አስረዱኝ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ። ጃፓኖቹ አራት አውሮፕላን ተሸካሚዎች ይዘው መጡ። አራት ሽምብራ። አውሮፕላኖቹ መርከብ የሚመታ ቶርፔዶ ታጥቀው ይጠብቃሉ። "የለም፣ ሚድዌይ ደሴትን ነው የምንመታው፣ ቦምብ አድርጉ" ተባለ። ማውለቅ ተጀመረ። መሐል ላይ "የጠላት መርከብ ታየ! ወደ ቶርፔዶ መልሱ" ተባለ። በዚያ ላይ ቀድመው የሄዱት አውሮፕላኖች ነዳጅ ጨርሰው "አሳርፉን" ይላሉ። የወለቀው ቦምብ ወደ ቦታው ሳይመለስ፣ ነዳጁ እየተሞላ… አሜሪካኖቹ ከሰማይ ወረዱ።

"ሦስቱ መርከብ በደቂቃዎች ውስጥ ነደደ" አሉና ሦስቱን ሽምብራ ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። "አራተኛውም ያን ቀን አልዳነም።" እሱንም አነሡ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉ። ስንት ሰው አለቀ መሰለሽ አሉኝ።

"ሐሳብ መቀየር ነውር የለውም" አሉ በኋላ። "ወለሉ ሞልቶ ሳለ መቀየር ነው የሚገድለው።"

የኔ ሴትዮ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ብቻ ነው የቀረችው። ተመስገን ነው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሬመርተን ልውሰድዎት አልኳቸው። የባሕር ኃይሉ መርከብ መጠገኛ እዚያ ነው። የሚያሻግረን ጀልባ፣ ፌሪው፣ መኪና ሲጭን አባባ ከመስኮቱ አልላቀቅ አሉ። የፌሪው ሠራተኛ በሁለት እጁ ና፣ ና፣ ቁም እያለ አንዱን ከአንዱ ጋር በስንዝር ልዩነት ያቆማል። "ይኼ ልጅ ያውቃል" አሉ፣ ለራሳቸው።

ልንደርስ ስንል አውሮፕላን ተሸካሚው ታየ። ግራጫ። መርከብ ነው ብሎ ዓይኔ አልቀበል አለ፤ ሰፈር ነው የሚመስለው። አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ። በዚያ ብርድ!

"ላዩ ላይ ሰው ሁሉ በልብሱ ቀለም ነው የሚለየው" አሉኝ። "ነዳጅ የሚሞላው ሐምራዊ፣ ቦምብ የሚያስረው ቀይ። አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ምን እንደሚለብስ ታውቂያለሽ?"

"ምን?"

"ቢጫ። አብራሪው የፈለገው ማዕረግ ይኑረው፣ ወለሉ ላይ የቢጫውን እጅ አይቶ ነው የሚሄድ፣ አይቶ ነው የሚቆም። እኔን ሦስት ሳምንት ሙሉ የእንግዳ ነጭ አለበሱኝ። ያቺን ቢጫ አንድ ቀን ባጠለቅሁ ብዬ…" አልጨረሱትም።

ለካ ስምንት ወር ሙሉ ሰደርያዬን የሚያዩት… እኔ ደግሞ በር ላይ ሳወልቅ! ፌሪው ላይ ብቻዬን ስስቅ አንዲት ፈረንጅ ዞራ አየችኝ።

ግን ያ "ቢሮ"ስ? ልጠይቃቸው ብዬ ተውኩት።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ተጣላን። መሐለኛው መስመር ላይ የደረደርኩትን ሃያ ሽምብራ አፍሰው ስኒ ውስጥ ከተቱት። "ይኼ ባዶ ይሁን።"

"አባባ፣ ቦታ አጠረኝ ስልዎት ባዶ ተዪ ይሉኛል?"

"የሚያርፈው አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ቆይ፣ ቦታ ላስለቅቅልህ አትይውም። በረራ ሲመለስ ማረፊያው ባዶ ነው።"

"የኔ እኮ ቶዮታ ነው!"

"የተሞላ ወለል አይሠራም" አሉና ስኒውን ይዘው ሄዱ። ከነሽምብራው! በር ዘግተው ተኙ። ኧረ በሽማግሌ አምላክ…

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል። ሳላምንበት ሞከርኩት። መሐለኛውን መስመር ባዶ ተውኩ፤ ከየትም የሚወጣው መኪና በዚያ ብቻ እንዲወጣ። ዛሬ ከሁሉም አብልጦ የጠበቀው ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ነው የጠበቀ። ዘጠኝ!

ለአባባ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሳልነግራቸው ስኒውን ለቡና እፈልገዋለሁ አልኳቸው። ገባቸው። ሽምብራውን ቆጥረው መለሱልኝ፤ ሃያ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ጓዳው ባዶ፤ እህሉ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባቄላውን ልቀቅለው ስል አባባ ከሶፋው ዘለሉ። "ኤስዩቪውን? አይነካም!" ጎመን በላን። መሳፍንት ከአይዳሆ ደውሎ "ምን እየሠራችሁ ነው?" ሲል አባባ ስልኩን ተቀብለው "ሥራ ላይ ነን" ብለው ዘጉበት።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ታንክስጊቪንግ። መቶ ዘጠና መኪና፣ ልክ ልኩን። ባዶው መስመር ባዶ ነው። አክሊሉ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ተነፈሰ፣ ሄደ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ኅዳር ጽዮን። ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ፣ ይቅር ትበለኝ።

ትናንት መኪኖቹን በበረራው ሰዓት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ሰልፍ አስይዘናቸው ነበር። ጠዋት ስነሣ ጉም! ከመስኮቱ ማዶ ያለው ዛፍ አይታይም። የሦስት ሰዓቱ በረራ ለስድስት፣ የአራቱ ወደ ፖርትላንድ ዞረ፣ የስድስቱ ደግሞ ቀድሞ አረፈ። ሰልፉ ሁሉ ተገለባበጠ። ከፊት ያሉት ባለቤቶቻቸው ሰማይ ላይ ናቸው፤ መሬት ያሉት ሰዎች መኪና ከኋላ ነው።

ኑሩ ቁልፎቹን አቅፎ መጣ። "እንደገና እንደርድር?"

አክሊሉ ኮል አደረገ። "አዱ፣ ሪላይን አድርጊው! አሁኑኑ!"

አልዋሽም፣ ፈራሁ። አባባ ጋ ደወልኩ። ቤት ጠረጴዛው ጋ ሆነው በሽምብራው እየተከታተሉ ነው።

"አባባ፣ ልቀይረው?"

"እኔ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ወለሉ ላይ ያለችው ቢጫ የለበሰችው ናት" ብለው ዘጉት። ዘጉት!

አርባ ደቂቃ የጠበቀችው ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ሻንጣዋ። አራቱ ሽምብራ።

አክሊሉን መልሼ ደወልኩለት። "አልቀይርም። ባዶው መስመር አለኝ። አንድ በአንድ አወጣለሁ።"

"አዳነች!" አለ፤ በሙሉ ስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

"ከሃያ ደቂቃ ካለፈ የሻትሌ ቁልፍ የት እንዳለ አውቃለሁ" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። መስመሩ መሐል ቆሜ በሁለት እጄ ና፣ ና፣ ቁም። ከኋላ የሚፈለገውን አንዱን ስበን ወደ ባዶው መስመር፣ ከዚያ ወደ በር፣ እሱ ሳይወጣ ሌላ አንነካም። ሻትል ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ሁሉም ባንድ ላይ አረፉ! እንደዚያም ሆኖ መስመሩ አልተዘጋም። ኑሩ ጫማው ወልቆበት በካልሲ ሲሮጥ አየሁት መሰለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኑሩ መዝገቡን አየ። ከሁሉ አብልጦ የጠበቀው፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ። እሱም ራሱ የመኪናውን ቀለም ተሳስቶ ነው።

አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅሁ። ኑሩ የትኛውን እንደሚያጽናና ግራ ገባው።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

አክሊሉ ወረቀቱን ሰጠኝ። ሱፐርቫይዘር። ትራያል የሚለው ቃል የለበትም። ባዶውን መስመርም በቢጫ ቀለም አስቀባው፤ የራሱ ሐሳብ እንደሆነ ለሰው ሲናገር ሰማሁት። ይሁንለት።

አንድ አዲስ ቢጫ ሰደርያ ለአባባ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። የኔን በር ላይ አላወለቅሁትም። ስገባ አባባ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል፣ ስልክ ላይ ናቸው። የአዳማዋ እኅታቸው ናት።

"የለም፣ የለም፣ ኤርፖርት፣ ቢሮ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ምን እንደምትሠራ አለመጠየቄ አሳፍሮኝ ነው ያልኩሽ… ስምንት ወር ሙሉ አልጠየቅኋት። መኪና ነው የምታቆመው… አዎ፣ መኪና። ቢሮ? ምን ቢሮ! ወለሉ ላይ ነው የምትውለው። ቢጫ ነው የምትለብሰው።"

እኅታቸው አንድ ነገር ጠየቀች መሰለኝ። አባባ ሽምብራውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላስረዳሽ። አንድ ትልቅ መርከብ አለ…"

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።