የማይበላሸው በርገር

ለምንወድሽ ልጃችን ለዓይናዲስ፤

ሪያድ እንደምን ይዞሻል? እኛ ሰቆጣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ አምሯል፣ ላሟም ወልዳለች።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ባንቺ ግን አላስቀምጥ ብላኛለች። ለፋሲካ «ደህና እበላለሁ» ብለሽ የላክሽውን የበርገር ፎቶ ካየች ወዲህ፣ «መድኃኒት ይጨምሩበታል፤ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፣ ዝንብ እንኳ አያርፍበትም» እያለች እናትሽን ታስጨንቃታለች። «ሥጋ ከደረቀ መቼ ይበላሻል? ቋንጣችንስ መድኃኒት አለበት?» ብላት አትሰማም። ሰው እንዴት የወሬ መጫወቻ ይሆናል!

ለእንቁጣጣሽም «የዛሬ ምሳዬ» ብለሽ የላክሽው ደረሰን። በርገሩ በዚያው ጎኑ ተገምጧል፤ ቀዩ ስጎም እዚያው ሳህኑ ጠርዝ ላይ ፈሷል። እናትሽ ስልኩን ደጋግማ አየችና፣ «አንተ፣ ይሄ የፋሲካው አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? «ባንቺ እውነቷን ነው፤ መድኃኒት አለበት፣ አይበላሽም» አልኳት። ይኸው፣ ክረምቱን ሙሉ ስሟገታት ከርሜ ለባንቺ እጅ ሰጠሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ለሥራ ወደዚያው የምትመጣው የደጅይጥኑ ልጅ ናት፤ በአካል አግኝታሽ ትደውልልኛለች። እመቤቴ ማርያም በሄድሽበት ትከተልሽ። ለገና ግን ምግቡ ይቅርና ፊትሽን ላኪልን።

አባትሽ ደረሰ