የደሴቷ ዙር በኮልፌ

ሚያዝያ 3፣ 1983
ዝናብ። ጣሪያው እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። ሰባተኛ ክፍሎችን ስለ ሐይቆች አስተማርኩ፤ ግማሾቹ አንቀላፉ። አልፈረድኩባቸውም።
አባቴ ዛሬም ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። በጥር ለዓይናቸው ሕክምና ከጣና ሲመጡ ለፋሲካ እመለሳለሁ ብለው ነበር። ባሕር ዳር በየካቲት ተያዘች። አሁን ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። "ይከፈት ይሆናል" አልኳቸው።

ሚያዝያ 8
ጭንቀታቸው ጽዋው ነው። የዘንድሮው የጊዮርጊስ ማኅበር ተረኛ እሳቸው ናቸው። ጽዋ ባዶ ቤት አይተውም ብለው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት መጥተዋል። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጧል።
በደሴታችን ተረኛ ማብላት ብቻ አይበቃውም። ጽዋውን ከማስረከቡ በፊት ደሴቷን በአፉ ይዞራል። ከታንኳ ማሰሪያው ተነስቶ ዳር ዳሩን... የቱ ጋ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሆነ... እስኪመለስ ድረስ። የአጥቢያው ታሪክ ይኸው ነው፤ የተጻፈ የለም።
"እኔ ሳልዞራት ብሞትስ?" አሉ።
እኔ መስማት አልፈልግም። እናቴን የበላት ያ ውኃ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስቴ ኮልፌ አመጣችኝ፤ አለቀ።

ሚያዝያ 14
"ማኅበሩን እዚሁ እናውጣው" አሉ በቁርስ ሰዓት።
"ኮልፌ? ማን ይሰማዎታል፣ አባባ?"
"ጎረቤት የለሽም እንዴ?"
ተረታሁ። ጌሾ ገዛሁ።

ሚያዝያ 19
ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘይነባ አግዳሚ ወንበር አዋሰችኝ። "አላህ መንገዱን ይክፈትላቸው። ወሬውን ልሰማ እመጣለሁ፤ ጠላችሁን ለራሳችሁ" አለች። ሳቅን።
አባባ በረንዳ ላይ ለብቻቸው ያጉተመትማሉ። እየተለማመዱ ነው። በሌላ በር ወጣሁ።

ሚያዝያ 23
የሠራተኞች ቀን፤ ትምህርት የለም። ከሰዓት በኋላ ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ቤቱ ሞላ። ከጎረቤት አቶ ደመቀ ብቻ ጎጃሜ ነው፤ እሱም ጣናን አይቶ አያውቅም።
አባባ ቆመው ጀመሩ። ታንኳ ማሰሪያው... ቀጥሎ ዋርካው። የመጀመሪያው ካህን ታቦት ይዞ ሲሸሽ ያደረበት። ከዚያ መነኩሴው በጥፍሩ ፈለፈለው የሚባለው ዋሻ። ጌሾው ማሳ፤ ሁለት ወንድማማቾች ለድንበር ተጣልተው በሽማግሌ የታረቁበት። ሰዉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ዘይነባ በሩ ላይ አፏን ይዛ።
"ከጌሾው ማሳ ወጥተን ነጩ ድንጋይ ደረስን" አሉ።
አልደረስንም። መሀል ላይ ደንገል በር አለ። እሳቸው እንደሆኑ አይረሱትም። ዘለውት ነው... ማን ያውቃል? እኔና እሳቸው። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ዝም ማለትም ፈልጌ ነበር።
"አባባ፣ ደንገል በርን ዘለሉ" አልኩ።
ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "ላንቺ ብዬ ነው፣ ጽጌ።"
"አውቃለሁ። ይንገሩን።"
ወደ ሰዉ ዞሩ። "እዚያ ከዳር የበቀለው፣ ታንኳ የምንሠራበት ደንገል ይከፈታል። ሴቶች ውኃ የሚቀዱበት ነው። ታንኳ ተገልብጦ ባለቤቴ በላይነሽ የሰጠመችው እዚያ ነው። ልጇ ከዳር ቆማ ታይ ነበር።"
"ነፍስ ይማር" አለ ቤቱ ሁሉ። አንዳቸውም አያውቋትም። አለቀስኩ፤ ሰው ፊት፣ ሳላፍር። ዘይነባ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።
አባባ ነጩን ድንጋይ፣ የመቃብሩን ጫካ፣ ሁሉንም አዳርሰው ታንኳ ማሰሪያው ተመለሱ። ከዚያ "ለከርሞ ማን ያነሳል?" ብለው ጠየቁ። አቶ ደመቀ ጉሮሮውን ጠረገ።
"እኔ" አልኩ።
"ዙሩን ታውቂዋለሽ?"
"እስከ ደንገል በር አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያስተምሩኛል።"