ስለ ጅብ፣ ስለ ይሉኝታና ስለ ጓሮዋ ክፍል

ዛሬ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚገኘው ቤቴ ሆኜ፣ እኔ የቀድሞው የባቡር ትኬት ቆራጭ ዘገዬ ደምሴ ይህን ቃል ሰጠሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን አብሮኝ አለ። የሚጠራጠር ቢኖር ጎረቤቴን አብዱላሂን ይጠይቅ፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ተከራክሬ ረትቼዋለሁ።

አንደኛ፤ የፊት ቤቱ ለልጆቼ ለግሩምና ለእፀገነት እኩል ይሁን። መጻሕፍቴን ግሩም ይውሰድ፤ አንዱንም ስላልገለጠ አዲስ ይሆኑለታል። የግድግዳ ሰዓቱ ለእፀገነት ነው፤ ለምን እንደሆነ ታውቃለች።

ሁለተኛ፤ ከአብዱላሂ ጋር ሠላሳ ዓመት የተከራከርንበት ነገር ይመዝገብ። ጸሐፊዬ ፍራኦል "ጋሼ፣ ጅቡም ይግባ?" ይለኛል። ይግባ። አብዱላሂ ከዘመን ጋር በመስማማት ጅብን የሚያህል የለም ባይ ነው፤ አህያው ቀርቶ ባጃጅ ሲበዛ የምግብ ቤት አጥንት ለመደ፤ የመንገድ መብራት ሲተከል በመብራት መሄድ ለመደ። እኔ ይሉኝታ ይበልጣል እላለሁ። ድሮ በር ላይ ነበር የሚይዘን፤ አሁን በስልክ ገብቶ የማናውቀውን ሰው "እንኳን ተወለድክ" ያስብለናል። ጅብ ሲነጋ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ይሉኝታ ቁርስ ላይም አለ።

ሦስተኛ፤ የጓሮዋ ክፍል ለሃዎ ሮብሌ ትሁን። ባሏ ከሞተ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራባታለች፤ ከታመምኩ ጀምሮ ያጎረሰችኝም እሷ ናት። ለልጆቼ ያልነገርኩት "ምን ይሉኛል" ብዬ ነው። ለእሷም ያልነገርኳት ይቅርብኝ እንዳትል ነው።

እዚህ ላይ ፍራኦል መጻፉን አቆመ። ሃዎ ከምስክሮቹ ጋር ተቀምጣለች፤ አብዱላሂ "ነይ ፈርሚ" ሲላት እምቢ ማለት አፍራ፣ ቃሌ ሳይጀመር ከወረቀቱ ግርጌ ፈርማለች። የሚወርስ ሰው ከመሰከረ ደግሞ ስጦታው ይፈርሳል። ስትፈርም እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ያው ከላይ ያስጻፍኩት ይሉኝታ ነው።

"ሃዎ፣ ስምሽን ሰርዢ" አልኳት።

"አቦ ተፈርሞ አለቀ እኮ ጋሽ ዘገዬ። ምስክርነቱ ይበቃኛል። ልጆችህ ምን ይሉኛል?"

"ይኸው!" አልኩት አብዱላሂን።

"ወሪያ ዘገዬ፣ ረታህ" አለ። "ጅብ ቢሆን ይሄኔ ክፍሏን ወስዶ በሩን ቆልፎ ነበር።"

ሃዎ ሳቀች፤ እስክሪብቶውን ተቀበለች።

ልጆቼ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ክፍሏን ልልቀቅ ትላችኋለች። እንዳትሰሟት።

ቃሌ ይኸው ነው፤ አላጥፈውም።

ተናዛዥ፦ ዘገዬ ደምሴ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
1. አብዱላሂ ዓዋሌ (ፊርማ)
2. ዐብዲሻኩር ሙስአብ (ፊርማ)
3. አለምብርሃን ካሣ (ፊርማ)
4. ሃዎ ሮብሌ፤ በሁላችንም ፊት በገዛ እጇ የተሰረዘ፤ መጀመሪያ በስሱ፣ ሁላችንም ስንለምናት በደንብ። በምትኳ ፍራኦል (ፊርማ)