ማንም የማይቀመጥበት በርጩማ

ታኅሣሥ ፬ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.፣ ጠዋት

…ከዚያ አባ ባዶውን ወንበር ወደ ገበታው ሲጎትቱት፣ እግሩ ወለሉ ላይ ሲጥጥ ሲል፣ እኛ ተማሪዎቹ ስንስቅ፣ እሳቸው ሳይስቁ፣ እዚህ ተቀምጧል ሲሉን፣ ቀጥሎ… ቀጥሎ ምን አሉ? ድሬዳዋ ነው፣ ሚሲዮን ቤት። ፈረንጁ አስተማሪያችን፣ አማርኛቸው ስብርብር ያለ። ግራ በገባህ ጊዜ ጌታ በአንተ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር በል፣ ወንበሩን እየው፣ መልሱ ይመጣል፣ ያሉን ይመስለኛል። ወይም ግማሹን እኔ ጨምሬበታለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የቱ የሳቸው፣ የቱ የኔ እንደ ሆነ አልለይም።

የጣቢያው መጋዘን ውስጥ ነኝ። ባቡሩ ገና አልደረሰም። በጨው ጆንያዎቹ መካከል ተቀምጬ እጽፋለሁ። ቤት ውስጥ መጻፍ ፈራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። ቤቴ ውስጥ ከምድጃው ፊት ለፊት አንድ በርጩማ አለ። ማንም አይቀመጥበትም። የአባን ወንበር እንዲህ አድርጌ ይዤው ቀረሁ። ባለቤቴ አስካለ "የእንግዳህ መቀመጫ" ትለዋለች። ስትጠርግ ታነሣዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች፣ ትስቅብኛለች። ሲጨንቀኝ አየዋለሁ። ጌታ በኔ ቦታ ቢሆን? እላለሁ። መልስ ይመጣል። እስካሁን ቀርቶ አያውቅም።

ትናንት ሲመሽ ሰው ተቀመጠበት።

የማውቀው ሰው ነው። የባለርስቱ የቀኛዝማች ጭሰኛ። ገ. ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ሙሉ ስሙን አልጽፍም፤ አስካለንም ከእንግዲህ አ. እላታለሁ። ደጅ ሳይጠራ በሩን ገፍቶ ገባና መጀመሪያ ያገኘው ላይ ዐረፈ። ቀኝ እጁ ከመዳፉ እስከ ክርኑ ተልጧል። የተቃጠለ ጭድ ይሸታል። አ. ምንም ሳትጠይቅ ወጥታ እሬት ቆርጣ መጣች። እኔ እጁን ያዝኩ፣ እሷ ቀባችው፣ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ አሠረችለት። የቀኛዝማች ሎሌዎች አዝመራ ገባ ብለው የገ.ን በሬ ነድተውበት እንደ ነበር፣ በሬውም እንደ ብዙ ጎረቤት በሬ እዚያው ታስሮ እንደ ሞተ አገር ያውቃል። ገ. ቀሪውን ነገረን። የቀኛዝማችን የጤፍ ክምር አቃጥሎታል። ገና ያልተወቃ፣ የዓመቱን ሁሉ።

ከሄደ በኋላ በርጩማውን አየሁት። ጌታን ላስቀምጥበት ሞከርኩ። ገ. አልነሣ አለ። እጁ የተላጠ።

ታኅሣሥ ፭

ሲነጋ የጭቃ ሹሙ ሰው እየዞረ ይጮኻል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ። ወንድ የተባለ ሁሉ ከትልቁ ግራር ሥር ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። በግዝት ተራ በተራ ይጠየቃል። በአደባባይ መናገር የፈራ ከሽማግሌዎቹ ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ ሹክ ይላል። ሽማግሌው ተነሥቶ "ወፍ ነገረችኝ" ይልና ስም ይጠራል። ወፏ ማን እንደ ሆነች አይጠየቅም። ልማድ ነው።

እጄን ታጠብኩ። እንደገና ታጠብኩ። እሬት ከጣት አይለቅም። ምሳዬን ስጎርስ መረረኝ።

የጣቢያው ሹም፣ ፈረንጁ፣ አስጠራኝ። የባቡር ሠራተኛ ስለ ሆንክ የመንደሩ ነገር አይመለከትህም፣ እዚህ እፈልገዋለሁ ብዬ አስቀርሃለሁ አለኝ። ደግ ሰው ነው። አመስግኜ ቤቴ ገባሁ፣ በርጩማውን ጠየቅሁ። ጌታ ከሕዝቡ አይለይም ነበር፣ የሚል መጣ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደስታዬ አስፈራኝ። ምክንያቱም ብቀር ለምን ቀረ፣ ምን ቢያውቅ ነው ይሉኛል ብዬ አስቀድሜ ፈርቼ ነበር። ታዲያ የመለሰልኝ ማነው? እሱ ነው? ወይስ ፍርሃቴ ድምፁን ቀይሮ?

ይህን ከዚህ በፊት ጠይቄ አላውቅም። ለምን አልጠየቅሁም?

ታኅሣሥ ፮፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ

መምሬ ኃይሉ ጋ ሄድኩ፣ የነፍስ አባቴ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዳዊታቸውን ይዘው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የገ.ን ነገር አላነሣሁም። የበርጩማውን ብቻ ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ሳቁ።

"በባሕር ላይ ሄዷልና አንተም አዋሽ ወርደህ ሞክረው፤ እኛ ፍትሐቱን እናዘጋጅልሃለን።"

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። ሥዕል የሚሥል ሰው እንኳ ጌታን ከራሱ አንቅቶ አይሥልም፣ ከአባቶች ሥዕል ይቀዳል አሉኝ። አንተ ግን በጨነቀህ ቁጥር አዲስ ጌታ ትሥላለህ። ቀለሙን ከየት ታመጣዋለህ? እሱን ምሰሉ ተብሏል እኮ፣ መምሬ፣ አልኳቸው። መምሰልና መገመት ለየቅል ነው አሉ። ያደረገው ተጽፏል። ያዘዘህ ተጽፏል። ያልተጻፈውን እንዲህ ያደርግ ነበር እያልክ በአፉ አትናገርለት።

ትክክል ይመስለኛል። ግን በኔ ነገር ላይ ያዘዘው የቱ ነው? ሁለት ትእዛዝ ወዲያና ወዲህ ይጎትቱኛል። በሐሰት አትማል። ባልንጀራህን ውደድ። ብናገር ገ. ይገረፋል፣ ከመሬቱ ይነቀላል፣ ልጆቹ ሜዳ ይወድቃሉ። አላውቅም ብል በግዝት ውሸት ነው፣ ነፍሴ ትታሠራለች። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ወደኔ አጎንብሶ የትኛው እንደሚቀድም አይነግረኝም። ለዚያ ነበር በርጩማው።

ሲሸኙኝ ትከሻዬን ያዙ። ግዝቱን የማነብበው እኔ ነኝ አሉ፣ ቀስ ብለው። የምታውቀው ካለ አሁን አትንገረኝ። ዓይናቸውን አየሁ። እሳቸውም ይፈራሉ።

ታኅሣሥ ፰፣ ቀትር፣ መጋዘን

ከትናንት ጀምሮ ግራሩ ሥር ነን። ዙሪያውን በእሾህ አጥረውናል። ባቡር ሲመጣ ብቻ ከዘበኛ ጋር እወጣለሁ። ዘበኛው ደጅ ቆሟል፣ ፈጥኜ ልጻፍ።

ሲነጋጋ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰው እየተንቀጠቀጠ ይቀልዳል። ሰይድ ከሁሉ ይብሳል። ሰይድ ከወሎ የመጣ ሽማግሌ ነው፣ ከሰል እያከሰለ የሚኖር፣ ብቻውን። ለጣቢያው ከሰል ሲያመጣ የሳሉ ድምፅ ከአህያው ቀድሞ ይደርሳል። ወፏ ዝም ባለች ጊዜ፣ "የክርስቲያን ወፍ ናት፣ የነቢያትን ጾም ይዛለች፤ ሳይፈታ አፏን አትከፍትም" አለ። ጭቃ ሹሙ ሳይቀር ሳቀ።

መምሬ ግዝቱን አነበቡ። ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ገ. ከኔ ፊት ነበር፣ እጁ ጋቢው ውስጥ። በዚህ ብርድ የሁሉም እጅ ጋቢ ውስጥ ነው። አላውቅም ብሎ አለፈ። ተራዬ ደረሰ። ጌታ በጲላጦስ ፊት ዝም አለ፣ የሚል መጣ። ሳልጠራው፣ በርጩማው በሌለበት። ዝም አልኩ። ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ጭቃ ሹሙ ይህ የባቡር ሰው ደግሞ ስለ ክምር ምን ያውቃል አለና ቀጣዩን ጠራ።

አልማልኩም። አልዋሸሁም። ማንንም አልሰጠሁም። እንዴት የጸዳ ነገር ነው። እንዴት ያስፈራል። እሱ ዝም ሲል ሊሰቀል ነው። እኔ ዝም ብዬ በሶ በላሁ።

ዘበኛው ይጠራኛል።

ታኅሣሥ ፱፣ ሲመሽ

ለቀቁን። ወፏ ተናገረች።

ሰይድ ነው አለች።

ሽማግሌው ስሙን ሲጠራ ሰይድ መጀመሪያ ሌላ ሰው ፈልጎ ዞሮ አየ። ከዚያ ተነሣ። "ጌቶቼ፣ ከሰል የሚወጣው ከእንጨት ነው። ጤፍ አቃጥዬ ምን ልሸጥ?" አለ። የሳቀ ነበረ። ቀኛዝማች አልሳቁም። እጅህን አሳይ አሉት። የከሰል ሰው እጅ ነው፤ ጠባሳ በጠባሳ ላይ። ይበቃል ተባለ። ከአንድ ሎሌ ጋር በሰንሰለት ቆራኝተው ወሰዱት። ሐሙስ ጠዋት በቀኛዝማች ግቢ ይገረፋል። ያ ደረት ጅራፍ አይችልም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ቤቱ ለመግባት ቸኮለ፣ እኔም።

ወፏ ማን ናት? መንገዱን ሙሉ የሰው ፊት እያየሁ መጣሁ።

ያው ዕለት

መብራቱን አቅርቤ እጽፋለሁ።

አ. ናት።

ትናንት እንደ ሴቶቹ ሁሉ በሶ ይዛ መጥታ ነበር። ስታቀብል ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ አለች። አየሁ እኮ። አደግድጋ እጅ የምትነሣ መስሎኝ። ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ፣ ቆማ። እሬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ አለች፣ ነጠላው የኔ ነው፣ ጥለቱን የማታውቅ ሴት እዚህ አገር የለችም። እጁ ቢታይ አንተን ከሱ ጋር ይቆራኙሃል። ሌላ ስም እስኪጠራ ደግሞ ማንንም አይለቁም። ለምን ሰይድን? አልኳት። የሚያለቅስለት የለውም አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ በርጩማው ሄደ።

"እኔም ጠየቅሁት። ቤትሽን አድኚ አለኝ።"

አልቀለደችም። ይህን ያህል ዘመን ስጠይቀው አይታኛለች። እንደኔ ተቀመጠች፣ እንደኔ በርጩማውን አየችው፣ እንደኔ ተመለሰላት። ልቆጣት ብዬ ነበር። የሷ መልስ ሐሰት ከሆነ የኔ በምን እውነት ሆነ? ግራሩ ሥር ዝም በል ያለኝና ቤትሽን አድኚ ያላት አንድ ድምፅ ነው። ሁለታችንንም የፈለግነውን አለን።

እሷ አለቀሰች። እኔ በርጩማውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። በርጩማ ፊት የለውም። ቢሆንም አዞርኩት።

ታኅሣሥ ፲፣ ከባቡሩ በኋላ

ጠዋት ገ.ን መንገድ ላይ አገኘሁት፣ ውሃ ጭኖ አህያ ይነዳል። አካም ቡልቴ አልኩት፣ በቋንቋው እንደምን አደርክ፣ እንደ ወትሮው። መለሰልኝ፣ እንደ ወትሮው። አብረን ጥቂት ሄድን። ስለ ሰይድ አነሣሁ። አህያውን ነካ ነካ አደረገ። ተናገር አልልህም አለ፣ አትናገርም አልልህም፣ እጄን የያዝከው አንተ ነህ። የአህያውን ጭነት አቃንቶ፦

"ሰይድ ልጅ የለውም፣ ወንድሜ። እኔ አሉኝ።"

እሱም። ያው መልስ በሦስተኛ አፍ። ሰው የሌለው ሰው ለሁላችንም ይበቃናል። ልጠላው ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም። እጁን በግራው ደግፎ ነው የሚሄደው። የአ. ነጠላ ጥለት ከጋቢው ሥር ጫፉ ይታያል። ደብቀው አልኩት። ለምን እንዲህ አልኩት?

ደብተሬ፣ ዛሬ ማንንም አላስቀመጥኩም። ጌታ በኔ ቦታ ቢሆን አላልኩም። ጆሮዬ ግን ሥራ አልፈታም። ሰይድን ያሠሩት ከጣቢያው በላይ ባለው የጭቃ ሹሙ ጋጣ ነው። ያስላል። ባቡሩ ቆሞ እየነፋ እንኳ ይሰማል። ይህን እኔ አልሣልኩትም። ደስ እንዲለኝ አልመጣም። ዝም እንዲልልኝ ብፈልግም ዝም አይልም።

ውሃ ይዤለት ሄድኩ። ሎሌው ከለከለኝ፣ ኋላ ተቀበለኝ። ሰይድ በበሩ ቀዳዳ አይቶ፣ የባቡሩ ሰው፣ ከሰሉን ማን ያመጣልሃል እንግዲህ? አለኝ። ንጹሕ ነኝ እንኳ አላለኝም። የማውቅ ይመስል።

ታኅሣሥ ፲፩፣ ሲነጋ

ቀኛዝማች ግቢ እሄዳለሁ።

ወፍ አልሆንም። በራሴ አፍ፣ በራሴ ስም፣ ሰው በሞላበት። ሰይድ አይደለም እላለሁ። እንዴት አወቅህ ይሉኛል። የተቃጠለውን እጅ ይዤ ያሳሠርኩት እኔ ነኝ እላለሁ። የማን እጅ ነው ይሉኛል። የገ. ስም ከአፌ ይወጣል ወይስ ጅራፉን በሱ ፋንታ ለኔ ያነሡታል፣ አላውቅም። ያስጨክነኝ አያስጨክነኝ አላውቅም። ወፏንም ቢጠይቁኝ አልናገርም። ወይስ ይህም ቤቴን ማዳን ነው?

መምሬ ትክክል ናቸው፣ ብቻ እሳቸውም ግዝቱን አንብበው ዳዊታቸው ጋ ተመለሱ። አባ ተሳስተዋል፣ ብቻ ያለሳቸው ወንበር ጌታ ወደ ቤቴ ይመጣል ብዬ ባልጠበቅሁ። በሁለቱ መካከል ቆሜያለሁ። የሚያስል ሽማግሌ አለ። የማውቀውን አውቃለሁ። ከዚህ ያለፈ ብርሃን ዛሬ አልተሰጠኝም።

አ.ን ነገርኳት። እሳቱን ቆሰቆሰች። አመዱን አፈሰች። በርጩማውን ከግድግዳው አንሥታ ብብቷ ሥር አድርጋ ቆመች፣ ወዴት እንደምታደርገው የጠፋባት ትመስላለች።

ጋቢዬን ለብሻለሁ። ከዘራዬ ከበሩ አጠገብ ነው። ይህን ብቻ ልጨርስ። አሁን ገና ትዝ አለኝ፣ አባ ያን ወንበር ጎትተው፣ እዚህ ተቀምጧል ካሉን በኋላ፣ እኛ ስንስቅ፣ ቀጥለው ያሉን፣ ያሉንማ

በሩ ተዘጋ። ከውጭ። አ.ም በርጩማውም ቤት ውስጥ የሉም።