ያቆሙትን ቤት ራሳቸው ያፈረሱት አናጺ

አባታችን በነሐሴ ወር 1948 ዓ.ም. ሲወለዱ በቤት ውስጥ የነበሩት እናታቸው፣ አክስታቸውና ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ የሚቀበሉት አባታቸው ነበሩ። አባታቸው ጣውላ ሰንጣቂ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም በአጎታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ገብተው ሙያውን ቀሰሙ።

በ1971 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ተጫጩ። የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩት አማታቸው፣ የእናታችን አባት፣ ልጃቸውን የሚድሩት የራሱ ቤት ላለው ብቻ መሆኑን አስቀድመው ተናግረው ነበር። አባታችን ለቋሚና ለአግዳሚ የሚሆን እንጨት አስቆረጡ። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ዓመት ያህል ይታገሡኝ ብለው ለመኑ። አማታቸውም፣ «እንጨትህ እስኪደርቅ ልጄ ትድረቅ?» አሏቸው።

አባታችን በዚህ አፍረው ቤቱን በእርጥቡ እንጨት አቆሙት። ያየ ሁሉ አመሰገነ። ዝናቡ አልፎ ፀሐይ ሲበረታ ግን እንጨቱ እየደረቀ ተኮማተረ። መጋጠሚያዎቹ ተላቀቁ፣ አንዱ ቋሚ ተጣመመ፣ በሩ አልዘጋ አለ፣ በግድግዳው ክፍተት የጎረቤት ጓሮ ይታይ ጀመር። ጓደኞቻቸው ጭቃ ለቅልቀህበት ተሞሸርበት፣ በሠርግ ቀን ግድግዳ የሚያይ የለም ብለው መከሯቸው። ለሠርጉ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። አባታችን ግን ሙሽራቸውን እዚያ ቤት ማስገባት አልሆንላቸው አለ። መሰላል አቁመው ማፍረስ ጀመሩ። አማታቸው ደጅ ቆመው ይህን ሲያዩ ተቆጥተው ሠርጉ ቀርቷል አሉ። ከኋላቸው ቆመው የነበሩት እናታችን ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው ወደ መሰላሉ ሄዱና፣ «የቱን ጫፍ ልያዝልህ?» አሏቸው።

እናታችን በሐሳባቸው ስለጸኑ በቀጠሮው ቀን ተጋብተው አንዲት ክፍል ተከራዩ። አማታቸው ሠርጉ ላይ ቢገኙም ከአባታችን ጋር ቃል አልተለዋወጡም። የፈረሰው እንጨት ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጫጭን ጣውላ እየገባበት ተከመረ። እንዳይጣመም ድንጋይ ጫኑበት፤ ጫፉ ቀድሞ ደርቆ እንዳይሰነጠቅም ቀለም ቀቡት። እናታችን እንጨቱ መድረቁን ለማወቅ አንዲት ቁራጭ እየያዙ በየወሩ በባለሱቁ ሚዛን ያስመዝኑ ነበር። ባለሱቁም ልጅቷ ዛሬስ ከሳች ወይ እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ክብደቷ መቀነስ ሲያቆም መጋጠሚያዎቹ እንደገና ተቆርጠው ቤቱ ቆመ። አማታቸው መጥተው በሩን ከፍተው ዘጉ፤ ደግመው ከፍተው ዘጉ፤ ከዚያ ሻይ የለም እንዴ ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ አባታችን ብዙ መኖሪያ ቤቶችንና አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ሠርተዋል። እንጨት በዝናብ እንደሚያብጥ፣ በበጋ እንደሚኮማተር ስለሚያውቁ ለበሩም ለወለሉም መላወሻ ይተዉለት ነበር። የቸኮለ ደንበኛ ሲመጣባቸው ስላፈረሱት ቤት ሳያፍሩ ይነግሩት ነበር። ሰዉ «ጋሽ ቆይ» ያላቸው በዚህ ነው። ቤታቸው ሲገቡ ግን መቆየት የሚባል ነገር አያውቁም፤ ምሳ ትንሽ ከዘገየ ድስቱን ራሳቸው ይከፍቱት ነበር።

አባታችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ለሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የአንዲት ሴትና የሁለት ወንዶች ልጆች አባት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ለብዙዎች መጠለያ የሠሩትን አባታችንን ፈጣሪ በቤቱ ያሳርፍልን፤ ለእናታችንና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ብርታቱን ይስጥ።

እናታችን ከዚህ ከቀብሩ፣ አብረው አፍርሰው ወዳቆሙት ወደዚያው ቤት ይመለሳሉ።