በቀሚስ ጠርዝ የተሰፋው ስልክ ቁጥር

ቀን፦ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አገልግሎት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጂዛን

ጉዳዩ፦ የሴቶች መረዳጃ ማኅበራችን የስልክ መስመር እንዳይዘጋ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን ከተማ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ ባለ ኢቃማ፣ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለኝ ስሆን፣ ይህ ለጽሕፈት ቤታችሁ የማቀርበው አራተኛ ማመልከቻ ነው። ሦስቱ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ መጠየቁም ደክሞኛል።

1. ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነፊሳ ከምትባል ጓደኛዬ ጋር ሆነን ስድስት ሴቶች ያሉበት መረዳጃ ማኅበር አቋቋምን። ሥራችን በሰው ቤት ተዘግቶባቸው የተቸገሩ እህቶች ሲደውሉ ማንሳትና ለሚመለከተው ማሳወቅ ነው። የምሠራበት ስፌት ቤት የቤት ሠራተኞችን ቀሚስ እየሰፋ ከአሽ-ሹቀይቅ እስከ አል-ሙወሰም ላሉ ሱቆች ያከፋፍላል። እኔም ጠርዙን ሳጥፍ የማኅበሩን ስልክ ቁጥር በክር፣ ከሥሩም «እህትሽ ነኝ» የሚል እሰፋበታለሁ። በውስጥ በኩል ስለሆነ አሠሪዬ፣ ከፊሌ፣ አላየውም።

2. ከፊሌ ስፌት ቤቱን በመሸጡ የካቲት 20 ቀን በመጨረሻ መውጫ ቪዛ ጠቅልዬ ወሎ እገባለሁ። መስመሩ በኢቃማዬ የወጣ ስለሆነ እኔ ስሄድ ይዘጋል። ከቀሩት አባላት የነፊሳንና የሌላዋን ኢቃማ አሠሪዎቻቸው አላደሱላቸውም። ሦስቱ ደግሞ የሰው ቤት ሠራተኞች በመሆናቸው ስልክ ድርጅቱ ዘንድ ቀርበው አሻራ ለመስጠት አይፈቀድላቸውም። ማኅበሩም ፈቃድ ስለሌለው በስሙ ማውጣት አይችልም ተብለናል።

3. ባልደረባችሁ አቶ ሚሊዮን በትሕትና አስተናግደው «እህቴ፣ ቁጥር ምን ችግር አለው? ሌላ አውጡና በቴሌግራም አሳውቁ» ብለውኛል። ስልኳን የተቀማች ሴት ቴሌግራም አታይም። የሄደውን ቀሚስ ሁሉ እየዞርኩ ልፈታው አልችልም። «ማኅበሩ በማኅበራዊ ለውጥ ያለው ሚና» የሚል ባለ ሦስት ገጽ ቅጽም ሰጥተውኝ ነበር። ጀምሬ ተውኩት። እኔ የማውቀው ለውጥ አንድ ነው፣ እሱን እዚሁ ልጻፈው።

4. ባለፈው ሐምሌ በላይነሽ የምትባል ልጅ ደወለች። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። እኔም ደዋዮችን በምንመዘግብበት በማኅበሩ ቅጽ ተራ መሠረት ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የትውልድ ቦታዋን ጠየቅኋት። «ከደጀን ነኝ፤ እትዬ ቶሎ በይ፣ መጡ» አለችና ተቋረጠ። ያለችበትን ከተማ ገና አልጠየቅኋትም ነበር። መልሼ ስደውል አንድ ሰውዬ አንስቶ ዘጋብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አይሠራም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅጻችን የሚጀምረው «የት ነሽ?» ብሎ ነው። ለውጥ ከተባለ ይህ ነው፤ ለእሷ ግን አልደረሰላትም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማንንም አላማርርም።

ስለዚህ ከየካቲት 20 በፊት ከባልደረቦቻችሁ አንድ ሰው አብሮኝ ወደ ስልክ ድርጅቱ ሄዶ፣ አሻራውን ሰጥቶ መስመሩን በስሙ እንዲያዛውርልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስልኩ ነፊሳ ጋ ይቀመጣል፤ ማንሳቱ የእኛ ሥራ ነው። የማኅበሩ ፈቃድ ጉዳይ በሌላ ጊዜ ይታይልን።

በላይነሽ ያላት ይህ ቁጥር ብቻ ነው። ደግማ ከደወለች መጀመሪያ ምን እንደምትጠይቃት ነፊሳ ታውቃለች።

ለምታደርጉልን ሁሉ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ሰዓዴ ይማም
(ፊርማ)
ስልክ፦ በመዝገባችሁ ያለው ቁጥር፤ እስከ የካቲት 20 ይሠራል።