የኖራው ምድጃ ማራገቢያ አልረጋ ያለበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ጥር 25። ጧት

የአምፔር መለኪያው መርፌ ዛሬም አልረጋችም። አምፔሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ማራገቢያው ከምድጃው ጭስ ስቦ ወደ ጭስ ማውጫው የሚገፋ ነው። እሱ ከታመመ ምድጃው መተንፈስ አይችልም። ደብተሬ፣ ይኼን ለምን ታስረጂኛለሽ አትበል። ስጽፈው ለራሴም ይጠራልኛል።

እሳቱ ትናንት ተለኩሷል። ድንጋዩ ኖራ እስኪሆን አይጠፋም። መርፌዋ መጥፎ ጊዜ መረጠች።

ረቡዕ፣ ጥር 26

ሙሉ ቀን መፍቻና መለኪያ ይዤ። በሦስቱም ሽቦዎች መብራቱ እኩል ነው የሚመጣው። ከጎናችን ያለው ወፍጮ ቤትም ደህና ነው። ኩሽኔታው አይግልም። ችንጋው አልላላም። እንግዲህ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሚለዋወጠው ሸክሙ ነው። አየር ሲበዛበት አምፔር ይጨምራል፣ ሲያንስበት ይቀንሳል። አየሩን የሚያበዛውና የሚያሳንሰው ቱቦው ውስጥ ያለው መዝጊያ ነው፦ ከውጭ በእጀታ የሚዞር ላሜራ።

ይኼንኑ ለምድጃው ባለቤት ለእትዬ ጥሩዬ ነገርኳቸው። አፌን በቆረጠው። እጀታው ያለው አያ ፈንታ እሳት ከሚጠብቁበት አጠገብ ነው። እትዬ ቀጥታ ሄደው ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ እየነካኩት ሞተሬን ሊያቃጥሉብኝ ነው አሏቸው። አያ ፈንታ አካፋቸውን መሬት ላይ አጋደሙት። «እኔ ነክቼው ከሆነ እጄ ይድረቅ።»

«ቤትዎ ይሂዱ፣ አያ። ሌላ ሰው አለኝ።»

ሄዱ። ጋቢያቸውን እንኳ ረስተውት ነው የሄዱት። ይርጋ የሚባል ጎልማሳ ተተካ።

ሐሙስ፣ ጥር 27። ከምሳ በፊት

እጀታውን በሽቦ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። መርፌዋ ያው ነች። እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። «እጀታው ታስሯል። አያ ፈንታ ቤታቸው ናቸው። ማን ነካው?»

 መርፌዋን አዩ፣ ሽቦውን አዩ፣ ወጡ።

ከሰዓት

እትዬ ተመልሰው መጡ። ስለ አያ ፈንታ አይደለም። ሞተሩ ሲጨነቅ የሚያጠፋውን መከላከያ ከፍ አድርጊው፣ እሳቱ እስኪያልቅ ይቻለው አሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ቤተ ልሔም የሚሠሩት ግንበኞች ኖራ እየጠበቁ ነው። አላደርገውም አልኩ። ቱቦው ይከፈት፣ ውስጡን ልይ አልኩ። እሳት ላይ እያለ አይከፈትም አሉ። እሳቸውም እውነት አላቸው፤ ምድጃው መሃል ላይ ከቆመ ድንጋዩ ጥሬና ብስል ሆኖ ይቀራል። ግን እኔም እውነት አለኝ። ራሴን አሞኛል። ይብቃኝ።

ዓርብ፣ ጥር 28



እትዬ ገበያ ወጥተዋል። እኔ መርፌዋን እያየሁ ነበር። ድንገት ወረደች። ትመለሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሰችም። ሞተሩ ይዞራል፣ ድምፁ ቀሏል፣ አምፔሩ እታች። ያኔ ገባኝ፦ አየር የለም። መዝጊያው ውስጥ ውስጡን ገጥሟል። ጭሱስ በየት ይውጣ?

ሮጥኩ። በእሳቱ አፍ በኩል ጭሱ ተገልብጦ ይወጣል፤ ይርጋ ግድግዳው ሥር በጉልበቱ ተንበርክኳል። ድንጋይ ጫኞቹ መጥተው በብብቱ ይዘን ጎትተን አወጣነው። አስታወከ። «ምን ሆንኩ?» አለ፣ ደጋግሞ። ጤና ጣቢያ ወሰዱት።

ማገዶ መጨመር አስቆምኩ፣ ሰው ሁሉ ከምድጃው እንዲርቅ አደረግሁ። የማራገቢያውን ማብሪያ አጥፍቼ በቁልፍ ቆለፍኩት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

እትዬ ከገበያ ሲመለሱ ጮኹ። እኔም ጮህኩ። እንዲህ ጮኼባቸው አላውቅም። ይርጋ ወድቆ እንደነበር ስነግራቸው የገበያ ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

ቅዳሜ፣ ጥር 29። ወደ ማታ

ቱቦው ሲበርድ ከፈትነው። ላሜራውን ከዘንጉ ጋር የሚይዘው ፒን ተቆርጧል። ውጭ እጀታው ቀጥ ብሎ ታስሯል፤ ውስጥ ላሜራው አየሩ እንደገፋው ሲንገዋለል ከርሟል። በመጨረሻ ተዘግቶ ቀረ። ይኸው ነው ጉዱ ሁሉ።

አዲስ ፒን ገባ፣ ተበየደ። ያለ እሳት ሞከርነው። መርፌዋ ቆመች፣ ቀጥ። እትዬ ቁራጩን ፒን ከእጄ ወስደው ብዙ አገላበጡት።

እሑድ፣ ጥር 30

ይርጋ ድኗል። ምድጃው አጠገብ ግን ዳግም አልደርስም ብሏል። ማን ይፈርድበታል።

እትዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ነገ ጥሬውን አውጥተን እንደገና እንለኩስ አሉ። እሳቱን ማን ይጠብቀዋል አልኩ።

«ለአያ ፈንታ ሰው ልላክባቸው?»

«ሰው ቢላክባቸው አይመጡም፣ እትዬ። በሰው ፊት ነው ያሰናበቷቸው።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ፤ መሬት መሬት እያዩ የአያ ፈንታ ቤት በየት በኩል ነው ብለው ጠየቁኝ። ምድጃው ከተሠራ ጀምሮ አብረው ናቸው፤ ቤታቸውን አያውቁትም።

ከወንዙ ማዶ ነው አልኳቸው። መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ አብሬዎት እሄዳለሁ አልኩ። በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። እየጠሩኝ ነው፣ እዚህ ላይ ላቁም።